እጅሽን አስገቢ

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ስንል፣ ቀኑ ገና ሲነሳ፣
ሾፌሩ አራተኛ ሲያስገባ፣ የነዳጁን ዋጋ እየረሳ፣
እጄን በመስኮቱ ሰደድኩት፣
መዳፌን እንደ ሳንቃ ዘረጋሁት።
መጀመሪያ ምንም፤ ነፋስ ነው፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚለው።
አውራ ጣቴን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ቀና ባደርገው
አንድ ነገር ከሥር ገብቶ ክንዴን ተሸከመው።
ጨመርኩ።
ጨመርኩ፤ ያኔ እምቢ አለኝ፣
ወደ ኋላ ገፍቶ ክርኔን ከብረቱ አጋጨኝ።

«እጅሽን አስገቢ!» አለ ረዳቱ፣ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ፣
«ሲኖትራክ ቢወስደው ማን ሊከፍል ነው በኋላ መጥቶ?»

ትምህርት ቤታችን ኮንቴይነር ነው፣
ከጤፍ ማሳው ዳር፣ ዝገት እግሩን የበላው።
ስሙ ሥራውን የነገረው ጋሽ ዘርጋው
የብረት በሩን ሰሌዳ አድርጎ
አራት ቀስት በጠመኔ ያሰምራል፦
«ይሄ ወደ ታች፣ ክብደት ነው፤ ከተወለድሽ ጀምሮ የሚያውቅሽ።
ይሄ ወደ ፊት፣ የሞተሩ ግፊት፤ ነዳጅ እስካለ የሚወድሽ።
ይሄ ወደ ኋላ፣ ጎታቹ፤ ቀሚስሽን ይዞ የሚለምንሽ።
ይሄኛው፣ ወደ ላይ...»
ጣቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ እፍ አለው።
«ይሄኛው ብድር ነው።
ፍጥነት አስይዘሽ ከአየር የምትበደሪው።
ክንፍሽ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፣
አየሩም አይተኛም፣ ብድሩን ይመልሳል።»
ኦብሴ ደብተሯ ላይ «ብድር» ብላ
ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

«ደግሞ የኛ አየር ስስ ነው።
ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ነው።
እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ሲንጣጣ
ሞተሩ የሚተነፍሰው፣ ክንፉ የሚይዘው ያጣል፤
አንቺ ገና እየሮጥሽ ማኮብኮቢያው ያልቃል።
በጠዋት ነይ።»
በጠዋት መጣሁ።

ከአቃቂ ወንዝ በላይ፣ አሮጌዋ ሴስና ውስጥ፣
«ቀና አድርጊያት» አለኝ።
ቀና። ቀና። ቀና።
ምድር ከመስታወቱ ወረደች፣ ሰማይ ብቻ ቀረ፤
ሰፈር ውስጥ «አፍንጫዋ ሰማይ ነካ» ያሉኝ ሁሉ
ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበረ።
የማስጠንቀቂያው ድምፅ እንደ ሕፃን አለቀሰ።
መሪው እጄ ውስጥ ላላ፤
በክንፉ ጀርባ ይንሸራተት የነበረው አየር
ቆዳውን ለቀቀና ተበተነ፣
ዝናብ እንደመታው ገበያ።

ወደቅን።

እጄ ሳልጠይቀው ወደ ሆዴ ሳበ፤
የሚወድቅ ሰው ወደ ላይ ነው የሚቧጥጠው።
ጋሽ ዘርጋው ግን፣ ሒሳብ እንደሚከፍል ሰው ረጋ ብሎ፣
«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» አለ።
«ስጫት። ወደ መሬቱ ስጫት።»
ወደምፈራው በኩል ገፋሁ።
የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ ደረጃቸው፣ የተሰጣ ልብሳቸው፣
ፊቴ ላይ መጡ፤
ከዚያ ክንፉ አየሩን አገኘው፣
ወይም አየሩ ክንፉን፤
መሪው እንደገና ከበደኝ።
ክብደት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ፣ ያው ታክሲ፣ ያው ረዳት፣ ያው መስኮት።
እጄን አወጣሁ።
አልጮኸም። ዝርዝር ብሩን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ
«ቆይ፣ ምንድን ነው ሁልጊዜ የምትይዢው?» አለኝ።
«አውራ ጣትህን ቀና፣ ትንሽ ብቻ» አልኩት።
ሁለት ዓመት በር ላይ የተንጠለጠለ ሰው
ነፋስን ያኔ ገና ጠየቀው።
መዳፉ ተነሳ። ፊቱ ተነሳ።
ፌርማታ መጥራቱን ረሳ።

«ወራጅ አለ!» አሉ ከኋላ፣
«ወራጅ አለ እኮ፣ ኧረ ረዳት!»
እሱ እጁን እያየ ነበር፤
እኔም አልነገርኩት።